«እጅ ግድግዳ!»

ኅዳር 9

ለእታለም፣

«ሕፃኗ በተፈጥሮዋ ቁንጥንጥ በመሆኗና እጇን በማይገባ ቦታ በማስገባቷ የደረሰባት ጉዳት ስለሆነ፣ ተቋማችን ኀላፊነት አይወስድም። ወላጆችም ልጃቸውን ከቤት ጀምረው ሥርዓት እንዲያስተምሩ እናሳስባለን።»

ይህን የጻፈችው ያንቺ መዋዕለ ሕፃናት ርእሰ መምህርት ናት። ከግርጌው «ግልባጭ፦ ለተቋሙ ባለቤት» ይላል፤ ባለቤቷ አንቺ ስለሆንሽ ደርሶሻል ማለት ነው። እኔም ከነነጥቡ የገለበጥኩት ነገ «ከራሱ ጨመረ» እንዳትዪኝ ብዬ ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም ነገር መጀመሬ ያደግንበት ወግ አይደለም። እንግዲህ ይኸው፦ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ባሕር ማዶ ያለሽውን አንቺን ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን እንዳልልሽ ደህና አይደለንም።

የተጎዳችው የልጄ ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት መጥተሽ ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ «ይቺ ልጅ ፈገግ ለማለትም ማስረጃ ትጠይቃለች» ያልሻት፣ «ዳኛዋ» ብለሽ ስም ያወጣሽላት። ዛሬም ሁላችንም የምንጠራት ባንቺው ስም ነው። ገና ሦስት ዓመት አልፏት ወራት ቢቆጠሩ ነው። ሰኞ ጠዋት ከክፍላቸው ወደ ጓሮ የሚያስወጣው ትልቁ የእንጨት በር በነፋስ ተገፍቶ ሲዘጋ፣ የቀኝ እጇ መሃል ጣት በማጠፊያው በኩል ተያዘ። ጥፍሯ ተነቅሏል፣ የጣቷ ጫፍ አጥንት ተሰብሯል፣ ሥጋው ተሰፍቷል።

ስትሰፋ የያዝኳት እኔ ነበርኩ። አልጮኸችም። «አባባ፣ በሩ ነከሰኝ» ብላ እንደ ምስክር ተናገረች። ሐኪሙ ቀና ሳይል፣ «በዚህ ዕድሜ ጣታቸውን ይዘው እኔ ዘንድ የሚመጡትን አብዛኞቹን የነከሳቸው በር ነው» አለኝ። «ሰው ቢላውን ይደብቃል፣ እሳቱን ይጠብቃል። በርን ግን ማን ይጠረጥራል?»

እኔ እጠረጥራለሁ። ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞርኩ ማሽን የምመረምር መሐንዲስ ነኝ። ጥርስና ቀበቶው ያልተከለለ ማሽን ካገኘሁ አስቆመዋለሁ፤ ባለቤቱ ቢለምነኝም ቢሰድበኝም አስቆመዋለሁ። ያንቺም በር ማሽን ነው። ሲከፈት በማጠፊያው በኩል የልጅ ጣት እንደ ልብ የሚያስገባ ክፍተት ይወልዳል፤ ሲዘጋ ያ ክፍተት ይጠፋል። በእጀታው በኩል በቀስታ የተገፋው በር በማጠፊያው በኩል እንደ ጉጠት ይጨምቃል። ሕፃን ደግሞ የሚያየው በእጁም ጭምር ነው። ክፍተት ባለበት ጣቱ አለ።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ክፍተቱን ከላይ እስከ ታች የሚሸፍን ጠንካራ ላስቲክ፣ በሩ ተከፍቶ ሲቆይ ከግድግዳው ጋር የሚይዘው መንጠቆ፣ ሲዘጋም ቀስ አድርጎ የሚመልሰው መሳቢያ። እኔው በገዛ እጄ እገጥመዋለሁ። ፈቃድሽን ስጪኝ፤ ያ ወረቀትም ይነሣ። ወረቀቱን ለክብሬ ብዬ እንዳይመስልሽ። ጥፋቱ የልጅቷ ከሆነ በሩ ንጹሕ ነው፤ በሩ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ማንም አይነካውም፤ ተገትሮ የሚቀጥለውን ጣት ይጠብቃል።

በሥጋ ሦስተኛ ቤት ብንሆንም ባንድ ግቢ፣ ባንድ ጉርሻ ነው ያደግነው። ስለዚህ እንደ ባዳ እንደማትመልሺልኝ አምናለሁ።

ወንድምሽ፣
«ሜትር»


ኅዳር 30

ለምወድህ ወንድሜ ለሜትር፣

ይቺ ወረቀት እስክትደርስህ ያለው ቀን ሁሉ የሰላም ይሁንልህ። ባለቤትህንና ልጅህን ሳምልኝ፤ ለዳኛዋ ምሕረት ይውረድላት። ያንተ ወረቀት ከደረሰኝ ሰንብቷል። እዚህ ብርዱ ገብቶ ባልደረቦቼ ስለታመሙ የነሱንም ፈረቃ ስሸፍን ነው የቆየሁት፤ አትቀየመኝ።

የልጅቷን ነገር ስሰማ እንባዬ ነው የመጣው። ግን ወንድሜ፣ ልጅ ሳይወድቅ አድጎ ያውቃል? እኛስ? ያባትህን መጥረቢያ ነክቼ አውራ ጣቴ ላይ የቀረው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። ማን ማንን ከሰሰ? «እሰይ! ማን ንኪ አለሽ?» ተብዬ በዚያው አለቀ። አንተ ግን ከልጅነትህም እንዲሁ ነህ፤ ዳቦ ሲቆረስ እንኳ እኩል ነው አይደለም ብለህ ትለካ ነበር። ሜትር ያልንህ በከንቱ አይደለም።

ያ በር የናቴ ቤት በር መሆኑን ታውቃለህ። ባንድ ወፍራም ጣውላ የተሠራ፣ በእጅ የተቀረጸ። ዛሬ እንዲህ ያለ በር በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም። እሱ ላይ ላስቲክ መምታት ሙሽራ ላይ ጆንያ መደረብ ነው።

ስለ ልጆች ደግሞ አንተ አታስተምረኝ። እዚህ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። ልጅ ማለት ዓይንህን ያነሣህ ለታ ያመልጥሃል። ርእሰ መምህርቷ ደውላ እንደነገረችኝ ደጋግመው «አትንኪ» ብለዋት ነበር። የጻፈችው ትንሽ ጠንከር ቢልም ሥራዋ ነው።

ለሕክምናው ያወጣችሁትን ንገረኝና ልላክ። ለዳኛዋ አሻንጉሊት በሰው ሰድጄያለሁ። የጓሮው አበባ እንዴት ሆነ? ጣሪያው ተቀባ? ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ብቻ አደራህን፣ ነገሩን ወላጆች ጆሮ እንዳታደርሰው። የቤት ገመና በቤት ነው።

የምትወድህ እህትህ


ታኅሣሥ 14

ለእታለም፣

ጤናሽ ይብዛ፣ ፈረቃሽም ይቅለል። አሻንጉሊቱ ደርሷል። ዳኛዋ በፋሻ በተጠቀለለው እጇ ይዛ አገላብጣ መረመረችው። ፀጉሩን አላየችም፣ ቀሚሱን አላየችም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነክታ «ሁሉም አላት» አለችና ወደ እናቷ መለሰችው።

ገንዘብ አልጠየቅሁሽም፤ አትላኪ።

«ልጅ ሳይወድቅ አያድግም» ብለሻል። ወድቃ ቢሆን ኖሮ ጉልበቷን እፍ ብዬ ዝም እል ነበር። የወደቀ ልጅ መሬቱን ይለምዳል። ጣቱ የተጨፈለቀ ልጅ ምን ይማራል? መጥረቢያውንም አነሣሽው፤ ደግ። ግማሹን ረሳሽው እንጂ። አባቴ የዚያን ዕለት ጮኸብሽ፤ ከዚያ በኋላ ግን መጥረቢያውን ካንቺ ቁመት በላይ ምስማር መትቶ ሰቀለው። እስኪሞት ድረስ የሚያስቀምጠው እዚያው ነበር። እኔ አሁን የምልሽ እሱን ነው፦ ጮኻችሁባታል፣ መጥረቢያውን መስቀሉ ግን ቀርቷል።

ሐሙስ ዕለት ሄድኩ። ርእሰ መምህርቷ ቁልፏን እያንሿሿች መጣች።

«ጋሼ፣ ምን እንርዳዎት?»

«ልጆቹ ወደ ጓሮ ሲወጡ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ችግር የለም፣ ቤትዎ ነው» አለች፤ ፊቷ ግን ቤትዎ አይደለም ይል ነበር።

የሕፃናቱ መምህርት ወጣት ናት፤ ልጆቹ ይወዷታል። አጨበጨበችና «እጅ ግድግዳ!» አለች። ያቺ ሁሉ ትንንሽ ቀኝ እጅ ባንዴ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እንዳይገፋፉ፣ ፀጉር እንዳይጓተቱ የተዘየደ ነው። ደስ ይላል፤ አልዋሽሽም። እጃቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ በሰልፍ ወደ በሩ ይሄዳሉ፤ መሪው በሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ መምህርቷ ኋላ ያሉትን ሰብስባ እስክትመጣ ይጠብቃል። ግድግዳው የሚያልቀው በሩ ማጠፊያ ላይ ነው። የመሪው እጅ የሚያርፈው ክፍተቱ አፍ ላይ ነው። በሩ ወደ ውጭ ተከፍቷል፤ ምንም የያዘው ነገር የለም፤ ከጓሮ ነፋስ ይመጣል።

መምህርቷን ጠየቅኳት። «የዚያን ቀን መሪዋ ማን ነበረች?»

«ዳኛዋ ናት ጋሼ። ሁልጊዜም እሷ ናት።»

«ለምን?»

«ከሁሉም ጭምት እሷ ናት። ቁሚ ባልኳት ቦታ ትቆማለች። ሄጄ ካልነካኋት ንቅንቅ አትልም» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

ርእሰ መምህርቷን ሳል ያዛት።

«በወረቀቱ ላይ ቁንጥንጥ ያልሻት ይቺኑ ልጅ ነው?» አልኳት።

«ያው የአጻጻፍ ልማድ ነው ጋሼ። ለሁሉም እንደዚያ ነው የምንጽፈው።»

«ለሁሉም? ከሷ በፊትም ነበረ ማለት ነው?»

«ኧረ ቀላል ነው፤ የልጁ ጥፍር ጠቆረ እንጂ አልተሰበረም። መሪ ነበር እሱም።»

ጓሮ ወጥቼ በሩ ሲከፈት የሚደርስበትን ግድግዳ ሳይ ሁለት የምስማር ቀዳዳ አለ። ምን ነበረበት አልኩ። «መንጠቆ ነበረ» አለችኝ ርእሰ መምህርቷ፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማት። «እትዬ ክረምት ሲመጡ ቫርኒሹን ይቧጭረዋል ብለው አስነቀሉት።»

እንግዲህ እታለም፣ «አትንኪ» የተባለችውን ልጅ አላገኘኋትም። ያገኘሁት «እጅ ግድግዳ» የተባለችውን ነው። ታዘዘች፤ ባለመንቀሳቀሷም ተሸለመች፤ ሽልማቱም እዚያ መቆም ነበር።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ አበባና ጣሪያውን ትተሽ እሱን መልሺልኝ። አንቺ በምትሠሪበት ማቆያ፣ በሮቹ በማጠፊያው በኩል ምን አለባቸው?

ሜትር


ጥር 2

ለወንድሜ፣

ለቤትህ ሰላም ይሁን።

ወረቀትህን አንብቤ አስቀመጥኩት፤ ደግሜ አነበብኩትና ይባስ ተናደድኩ። እንደ ሌባ ፈላጊ ግድግዳዬን እየዳሰስክ ቀዳዳ ትቆጥራለህ? ያን ቤት ያቆምኩት እዚህ የሰው ልጅ ሽንት ጨርቅ እየለወጥኩ ነው። አንተ ዲግሪህን ይዘህ ማሽን ስታስቆም እኔ ወገቤን ይዤ ነው። ዛሬ ስንት እናት ልጇን እሱ ውስጥ አስቀምጣ ሥራዋን ትውላለች። እሱን ለምን አልቆጠርከውም?

እዚህ ያለውን ጠይቀኸኛል። እዚህ ሕግ ስላለ ነው። ተቆጣጣሪ እየመጣ በየበሩ ጣቱን እያስገባ ያያል፤ ከለላ ከሌለው ቤቱ ይዘጋል። እዚያ ማን ጠየቀ? አንተ ብቻ።

ትልቁን አጎታችንን አነጋግሬዋለሁ፤ «በቃ በይው» ብሎኛል። ልጅህም ብትሆን ነገሩ እንዲበርድ ትፈልጋለች አሉ። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የካቲት 3 ይከፈታል። ዳኛዋን ሌላ ቦታ ብታስገቧት ቅር አይለኝም። አንተም ደግመህ በዚህ ነገር አትጻፍልኝ።

እህትህ

ጥፍሯ በቀለ?


ጥር 10

ለመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት፣

ለእህቴ መጻፍ ተከልክያለሁና ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ነው። እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ ያልኩዎት ከአክብሮት እንዳልሆነ ያውቁታል።

ጥፍሯ በቅሎ እንደሆነ ጠይቀዋል። ብቅ ብሏል፤ ጠማማ ነው። ሐኪሙ «ምናልባት ይቃናል» ይላል። ማታ ማታ ፋሻውን ስንፈታ እሷም ታየዋለች። ከአደጋው ወዲህ በር ፊት ስትደርስ ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አጣምራ እስኪከፈትላት ትቆማለች፤ እንደ ጡረተኛ ዳኛ። እንግዳ ሰው ሲያያት ይስቃል። እኔ አልስቅም። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ካንዱ ትልቅ ሰው አፍ ወረቀቱን ሰምታ ኖሮ፣ «አባባ፣ እኔ ቁንጥንጥ ነኝ?» አለችኝ። በሩ የነከሳት ጣቷን ነው፤ ይህኛው ግን ሌላ ቦታ ነው የነከሳት።

«እዚህ ሕግ ስላለ ነው።» ቃልዎ ይህ ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። እንግዲያው ያውቁ ነበር። በየማለዳው የሰው አገር ልጅ ከለላ ባለው በር ሲያልፍ ያያሉ፤ ላስቲኩ አስቀያሚ ነው ብለው እንዳልነቀሉት እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ ለክረምት መጥተው የገዛ እናትዎ ቤት በር ላይ የነበረችውን አንዲት መንጠቆ ለቫርኒሽ ብለው አስነቀሉ። ባለማወቅ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ይቅርታ ጠያቂ እሆን ነበር። «እዚያ ማን ጠየቀ?» ላሉትም መልስ አለኝ፦ እኔ ጠየቅሁ። አንድ ሰው አይበቃም ካሉ፣ ቁጥሩ በዝቷል።

ድካምዎን አልቆጠርክም ብለውኛል። ቆጥሬዋለሁ። በወገብዎ የቆመ ቤት መሆኑን ስለማውቅ ነው በአንድ ላስቲክ ምክንያት ስሙ እንዲበላሽ የማልፈልገው።

አጎታችን «በቃ» ማለቱን ለማጣራት ሄጄ ነበር።

«ምን ብላ ነገረችህ?» አልኩት።

«ልጅቷ በር ላይ ስትጫወት ተያዘች፤ እሱ ግን ነገር አከረረ አለችኝ።»

«ስትጫወት አይደለም። ቁሚ የተባለችበት ቆማ ነው» ብዬ የሰልፉን ነገር አስረዳሁት።

ከዘራውን መሬት ላይ አሽከረከረና፣ «እንግዲያው እኔ በቃ ያልኩት ለሌላ ወሬ ነው» አለ። ይህንንም እንድጽፍልዎ ያዘዘኝ እሱ ነው።

ልጄ ነገሩ እንዲበርድ ትፈልጋለች መባሉ እውነት ነበር። ሰው ማስቀየም አይሆንላትም። ቅዳሜ በተጠራው የወላጆች ስብሰባ ላይ ግን ከጎኔ ተቀመጠች። ተራዬ ሲደርስ ወላጆቹን ወደ በሩ ወሰድኳቸውና ከኪሴ ካሮት አወጣሁ። ርእሰ መምህርቷ ነገሩ ገብቷት፣ «ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ ሰው ፊት አያሳፍሩን» አለች።

«እኔ አላሳፍርሽም። የሚያፍር ካለ በሩ ይፈር።»

ካሮቱን በማጠፊያው ክፍተት አስገባሁና አንዷን እናት በሩን በሁለት ጣቷ ብቻ እንድትገፋው ጠየቅኳት። ገፋችው። «ቀጭ» አለ። የካሮቱ ጫፍ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለና ከጫማዋ ሥር ቆመ። እናትየዋ በሩን እንደ ትኩስ ድስት ለቀቀችው።

ሁለተኛውን ካሮት ሳወጣ አንድ ሹፌር አባት፣ «ኧረ ጋሼ ይበቃል! ገብቶናል፣ ካሮት አይጨርሱ» አለ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። የኔ ቤት በርስ? የመኪናው? የቁም ሳጥኑ? በማጠፊያው በኩል ክፍተት ያለው ሁሉ ያው ነው አልኳቸው። በር ከመዝጋታችሁ በፊት የልጁን ፊት ሳይሆን እጆቹን ፈልጉ፤ ሁለቱንም። ከለላ እስክትገጥሙ በየቤታችሁ በሩ አናት ላይ ፎጣ ጣል አድርጉ፣ ገጥሞ አይዘጋም። ጣት ከተያዘ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ እጁን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ፤ የተንጠለጠለ ጥፍር አትጎትቱ። ልጄም ተነሥታ ያን ቀን ለዳኛዋ ጣት ያደረገችውን እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ጥፍሩ የጠቆረው ልጅ አባትም ተነሣ። ለካ እሱም ያንኑ ወረቀት ተቀብሎ፣ አንዲት ቃል ሳትለወጥ፣ ልጁን ቤት ወስዶ ገርፎታል። «ስለ ቁንጥንጥነቱ» አለና ተቀመጠ።

ወላጆቹ በሩ ሳይከለል የካቲት 3 ልጆቻቸውን እንደማያመጡ ተስማምተዋል። ዳኛዋንም ሌላ ቦታ አናስገባትም። ትምህርት ቤቷ ይህ ነው፤ የሚለወጠው በሩ ነው። መምህርቷ ማንንም ሳትጠይቅ «እጅ ግድግዳን» ትታ «እጅ ትከሻ» አድርጋዋለች፤ አሁን አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ይወጣል። እሷን አንድ ሰው በክፉ ቢናገራት የሚያገኘው እኔን ነው።

ላስቲኩን ለክቼ ቆርጬዋለሁ። መንጠቆውና መሳቢያውም ተገዝተው ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። የእናትዎን በር አላበላሸውም፤ ቅርጹ አይነካም፤ የሚነካው ቫርኒሹ ነው፣ እሱም በብሩሽ ይመለሳል። ሆኖም የሰው በር ሰርስሬ የምገባ ሰው አይደለሁምና ፈቃድዎ በጽሑፍ ይምጣልኝ።

ከፈቃዱ ጋር አንዲት ዓረፍተ ነገር እፈልጋለሁ። ርእሰ መምህርቷ ሳትሆን እርስዎ፣ በገዛ እጅዎ፣ ያ ጠባሳ ባለበት አውራ ጣት ብዕር ይዘው የሚጽፏት፦ «ልጅቷ ቁሚ በተባለችበት ቆማ፣ አድርጊ የተባለችውን አደረገች።» ለጥፍሩ የጠቆረው ልጅም እንዲሁ አንድ። ዳኛዋ ገና ማንበብ አትችልም፤ እኔ አነብላታለሁ። ማስረጃ እንደምትወድ ያውቃሉ፤ ስሙን ያወጡላት እርስዎ ነዎት።

በስልክ አልቀበልም። በአጎታችን በኩል አልቀበልም። አሻንጉሊት አልቀበልም።

መልስዎን በጽሑፍ እስከ ጥር 30 እጠብቃለሁ።